ያልተቀመሰ ብርሌ

ባላምባራስ ኃይለመለኮት የሞቱት ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሬሳቸው ገና ሳይገነዝ ሆሳዕና ገዳያቸውን አግኝታ፣ ፈርዳ ጨርሳ ነበር። ከተማችን እንዲህ ናት፤ ለመፍረድ የሚቀድማት የለም።

«ገነቴ ናት!» አለ ሁሉም። «የብርነሽ ቤት ጠጅ ቀጂ! በገዛ እጇ ቀድታ የሰጠቻቸውን ጠጥተው አይደል የወደቁት?»

ዘመኑ ሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ባላምባራስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳኛ ሆነው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው በመርዝ የገደለን የሚጠብቀው ስቅላት መሆኑን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ምክትል መቶ አለቃ ወንዳፈረው ገና ፊቱን ሳይታጠብ ተጠራ። ቀጭን፣ ድምፁ የሚጎተት፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይወዳል። አንዳንዱ ጆሮው አይሰማም ይለዋል፤ ሞኝ! የወንዳፈረው ጆሮ የሚሠራው ሁለተኛው መልስ ላይ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «የእስረኛ መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። ሴትዮዋ አብራ ትሄዳለች። ቃሏን ተቀብለህ ጨርስ።»

«እሷ ካልሆነችስ ጌታዬ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት አምጣልኛ ሌላ ሰው!»

ወንዳፈረው በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሟች ቤት ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሙሉአለም ከአልጋው አጠገብ እጁን እየታጠበ ነበር።

«መርዝ ነው» አለ ሙሉአለም። «የቆዳ ነጋዴዎች ብል እንዳይበላባቸው ቆዳ ላይ የሚነሰንሱት ነጭ ዱቄት አለ አይደል? አርሰኒክ። እሱ ይመስለኛል። ሽታም ጣዕምም የለው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወደቁ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ቀምሰውታል ማለት ነው።»

በዚህ መሐል ሁለት ሰዎች በሬሳው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዱ ቆዳ ነጋዴው ሰይፈሥላሴ ነው፤ ሌላው የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪው ጴጥሮስ። በመሬት ሲጨቃጨቁ ዓመት ሞላቸው። ትናንት በብርነሽ ጠጅ ቤት ባላምባራስ ሊያስታርቋቸው ተሰብስበው ነው ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው። አሁን ሁለቱም እያለቀሱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «እሳቸው ፊት ቂም አልይዝም፤ ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ሰይፈሥላሴ። ለቀስተኛው ሁሉ እምባውን ጠረገ።

ከጴጥሮስ ኋላ ታላቅ ወንድሙ አሳምነው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አሳምነው ጃጁራ መንደር እየኖረ እዚያ ያለውን የሰይፈሥላሴን የቆዳ መጋዘን የሚጠብቅ ሰው ነው። እሱም ትናንት ከገበታው ላይ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ገነቴ መሬት ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሰላሳ ስድስት ትመስላለች። የሐድያ ልጅ ናት፤ አማርኛውን የለመደችው ብርነሽ ቤት ነው።

«እኔ አልገደልኩም ጌታዬ» አለች፣ ሳትጠየቅ።

«ለባላምባራስ ማን ቀዳላቸው?»

«እኔ።»

«ለሌላው እንግዳ ፊቱ ቀድተሽ፣ መጀመሪያ በመዳፍሽ ቀምሰሽ ነው የምትሰጪው። የቤቱ ሥርዓት ነው። ለእሳቸው ግን ከጓዳ ሞልተሽ አመጣሽ። ሳትቀምሺ። ለምን?»

ገነቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከጓዳ ለምን ሞልተሽ አመጣሽ?» አለ ደግሞ፣ በዚያው በተጎተተ ድምፁ።

«አልናገርም።»

«ገነቴ፣ ይህ ጥያቄ እኮ አንገትሽ ነው። ባልሽን ከሦስት ዓመት በፊት ያሳሰሩት ባላምባራስ ናቸው። ቂም ነበራት ይላሉ። እኔ ላምንሽ እፈልጋለሁ፤ አግዢኝ እንጂ!»

እምባዋ በጉንጯ ወረደ። «አልናገርም ጌታዬ። ቢሰቅሉኝም አልናገርም።»

«ልጅሽ የት ናት?»

ይህን ሲላት ቀና ብላ አየችው። «ትርፊት ጎረቤት ናት። አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ወልጄ ሦስቱም አልቀውብኝ… እሷ ብቻ ናት የቀረችልኝ።»

ወንዳፈረው ተነስቶ ወጣ። ይህን ዓይነት ዝምታ በነፍሰ ገዳይ ላይ አላየም፤ ነፍሰ ገዳይ ብዙ ያወራል።

የብርነሽ ጠጅ ቤት ከገበያው በላይ ያለ ሰፊ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከአንጋጫም ከዳምቦያም ለገበያ የመጣ ሁሉ ሳይቀማምስ አይመለስም። ጠጇ ስም ያለው ነው፣ ክትፎዋ በቆጮ ደግሞ አይነገር። ዛሬ ግን መደቡ ሁሉ ባዶ ነው። ባላምባራስ እንደወደቁ ፖሊስ ቤቱን ስለዘጋው፣ የትናንቱ ገበታ እንዳለ ተቀምጧል።

ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀበለችው። «ሃያ ዓመት ጠጅ ስጥል አንድ ሰው ሆዴን ብሎኝ አያውቅም! ትናንት ከዚያው ጋን አርባ ሰው ጠጥቷል። አንድም አላስነጠሰው!»

«ስለዚህ ጋኑ ንጹሕ ነው።»

«ጋኔማ ንጹሕ ነው! በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ…»

«አምናለሁ። ትናንት እንዴት ነበር? ከመቀመጣቸው ጀምረው ይንገሩኝ።»

ብርነሽ አሳየችው። ባላምባራስ ከላይ፣ ሰይፈሥላሴ ግድግዳውን ተደግፎ በቀኛቸው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በግራ። «እንደተቀመጡ ገነቴ ውኃና ሳህን ይዛ አራቱንም አስታጠበቻቸው። ከዚያ መጠጥ ቀዳች፣ ምግብ ቀረበ። ጴጥሮስና ሰይፈሥላሴ ምግቡንም መጠጡንም አልነኩም። መቼም የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አብሮ አይቆርስም፣ አብሮ አይጠጣም። ክትፎውን የበሉት ባላምባራስና አሳምነው ናቸው።»

«አሳምነው ደህና በላ?»

«ኧረ ጠረገው! ከጃጁራ በእግሩ የመጣ ሰው አይደል።»

ወንዳፈረው ገበታው ላይ አጎነበሰ። አራት ብርሌ አለ። የሰይፈሥላሴ ጠጅ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። በወንድማማቾቹ ፊት ያሉት ሁለት ብርሌዎችም ሙሉ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ግን ብርዝ ነው፣ ጌሾ ያልገባበትና ያልፈላ የማር ውኃ። ሁለቱም የሚሲዮን ሰዎች ናቸውና የሚያሰክር ነገር አይቀምሱም። የባላምባራስ ብርሌ ባዶ ነው። አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ አሸተተው፤ ደግሞ አየው። ከዚያ የሰይፈሥላሴን ብርሌ አንስቶ ሥሩን ተመለከተ። የጌሾ ብናኝ እንደ ገለባ ተኝቶበታል።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ብርዙ የት ነው ያለው?»

ጓዳ ወስዳ ሰማያዊ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ አሳየችው። «ትናንት እኩለ ቀን ላይ በጠበጥኩት። ስድስት ብርሌ ይይዛል፣ ሞልቼው ነበር።»

ወንዳፈረው የቀረውን እየሰፈረ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠው። ሁለት ብርሌ ሆነ።

«ትናንት ሌላ ብርዝ የጠጣ ሰው ነበር?»

«ማን ይጠጣል ብለህ! ለእነዚህ ሁለቱ ብዬ እንጂ።»

«ሌላ ሰው አልጠጣም?» አለ እንደ ልማዱ።

«አልኩህ እኮ! በእግዜር!»

«እንግዲያው አንዲት ዶሮ ይስጡኝ» አለ ወንዳፈረው። ብርነሽ አበደ ብላ አየችው፤ ቢሆንም ሰጠችው።

ሰይፈሥላሴን ከተማ ባለው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አገኘው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዱቄቱ የእኔ ነው ልትለኝ መጣህ» አለ። «አዎ፣ እዚህም ጃጁራም መጋዘኔ ሙሉ ነው። ግን ባላምባራስን ምን አድርገውኝ እገድላቸዋለሁ? መሬቱን እኮ ገዝቻለሁ! ወንድማማቾቹ ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት አለኝ። ጴጥሮስ አልሸጥኩም ብሎ ድርቅ አለ እንጂ። ባላምባራስ ምግቡ ሲነሳ ወረቀቱን አምጣና እንየው ብለውኝ ነበር።»

«ወረቀቱን ያስፈረመው ማነው?»

«አሳምነው። የወንድሙን ጣት አስፈርሞ ያመጣልኝ እሱ ነው።»

«ጣት?»

«አዎ፣ የአውራ ጣት አሻራ። ምነው?»

ወንዳፈረው አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ጴጥሮስን ጠርቶ ቃሉን ተቀበለው። ጴጥሮስ ብዙ የሚለው አልነበረም፤ አልበላሁም፣ አልጠጣሁም፣ ሲወድቁ አነሳኋቸው ነው ያለው። ቃሉን ጨርሶ ብዕር ተቀብሎ ከሥር ፈረመ። ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ያማረ ነበር።

አሳምነው ግን ሳይጠየቅ ይናገር ነበር። «ያቺ ሴት ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል? ባሏን ስላሳሰሩት ነው። እኔ እንደ አባቴ ነበር የማያቸው!»

«ብርዝህን ሳትጠጣ ቀረህ።»

«ወንድሜ ሳይታረቅ ምን ብዬ እጠጣለሁ?»

«ከመቀመጫህ ተነስተህ ነበር?»

«አንድ ጊዜ። እጄን ልታጠብ ጓዳ ገብቼ።»

«ከምግቡ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ገና መጠጥ ሳይቀዳ።»

«በፊት ነው ያልከኝ?»

«በፊት አልኩህ እኮ መቶ አለቃ!»

አንድ ቦታ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያን። የባላምባራስ ንስሐ አባት ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ባላምባራስ ቀኖና ነበረባቸው?»

«ልጄ፣ እሱን አትጠይቀኝ። የንስሐ ነገር ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው።»

«አልጠይቅም። ባላምባራስን በዚህ ሰሞን ጠጅ ልጋብዛቸው ነው ብዬ ባማክርዎ ኖሮስ?»

ቄሱ መቁጠሪያቸውን ጠቀለሉ። «አትድከም እልህ ነበር» አሉ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በጠጅ ቤቱ ተሰበሰቡ። ብርነሽ፣ ሰይፈሥላሴ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ድሬሰሩ ሙሉአለም። አዛዡም ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆመ። ገነቴ እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሊነሳ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«ባላምባራስ የጠጡትን መርምረናል፤ ጋኑንም እናስደፋለን» አለ ወንዳፈረው። «ከንጋት ጀምሮ ለቅሶ ላይ ናችሁ፣ ጉሮሯችሁ ደርቋል። ወይዘሮ ብርነሽ፣ የትናንቱ ብርዝ ገና አልፈላም፤ ለወንድማማቾቹ ይቅዱላቸው።»

ብርነሽ ሰማያዊውን ማንቆርቆሪያና ሁለት ንጹሕ ብርሌ አምጥታ ቀዳች። ጴጥሮስ ከሰይፈሥላሴ ጋር ታርቋል፤ አሁን ከመጠጣት የሚከለክለው የለም። አመስግኖ ብርሌውን አነሳና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። አሳምነው የራሱን አልነካም።

«አንተስ?»

«አልጠማኝም።»

ወንዳፈረው ራሱን ነቀነቀና ወደ ገነቴ ዞረ። «አንቺ ምንም አትናገሪ። እኔ ነኝ የምናገረው። የተሳሳትኩ እንደሆነ ብቻ ራስሽን ወዝውዢ።» ከዚያ የባላምባራስን ባዶ ብርሌ አንስቶ ለሁሉም አሳየ።

«ትናንት ከጋኑ አርባ ሰው ጠጥቶ ማንም አልታመመም። ስለዚህ መርዙ ብርሌው ውስጥ ነው፣ ብርሌውን የያዘችው ገነቴ ናት፣ ገዳይዋ ገነቴ ናት አላችሁ። እኔም አብሬያችሁ ልል ነበር። ግን ይህን ብርሌ እዩት። የሰይፈሥላሴ ብርሌ ሥሩ ላይ ጌሾ አለ። በዚህ ውስጥ ቅንጣት ጌሾ የለም። ሽታውም የማር ብቻ ነው። ባላምባራስ ትናንት ጠጅ አልጠጡም። ብርዝ ነው የጠጡት።»

«ባላምባራስ? ብርዝ?» አለች ብርነሽ። «ይቅር ይበልህ!»

«ማንቆርቆሪያው ስድስት ብርሌ ይይዛል ብለውኛል። ሁለቱ ለወንድማማቾቹ ተቀዱና ሳይነኩ ቆመዋል። ሁለቱን እኔ ሰፍሬ አገኘሁ። የጎደሉት ሁለት የት ሄዱ? ባላምባራስ ሆድ ውስጥ። ለምን እንደሆነ ከፈጣሪያቸው ጋር የተነጋገሩት ነገር ነው፤ አንቆፍረውም። ያን የሚያህል ሰው ጠጅ ቤት ተቀምጦ ብርዝ ሲጠጣ መታየት አፈረ። ብርዝና ጠጅ ደግሞ በብርሌ ውስጥ ከሩቅ አይለዩም። ከጓዳ ሞልተሽ አምጪልኝ፣ ለማንም አትንገሪ አሏት። ሥርዓቱን አጉድላ ሳትቀምስ ያመጣችው ለዚህ ነው።»

ሁሉም ወደ ገነቴ ዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀርታለች፤ ራሷን አልወዘወዘችም።

«ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ጠዋት ለዶሮ ሰጠሁ። ሙሉአለም፣ ዶሮዋስ?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት ሞታለች» አለ ድሬሰሩ።

ጴጥሮስ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ጉሮሮውን በሁለት እጁ ያዘ። «ጌታ ሆይ! አሁን የጠጣሁት…»

«አይዞህ፣ ተቀመጥ። ወይዘሮ ብርነሽ ማንቆርቆሪያውን አጥበው ዛሬ ጠዋት የበጠበጡት አዲስ ብርዝ ነው የጠጣኸው። ይህን ግን እሳቸውና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።» ወንዳፈረው ባዶውን ብርሌ ገበታው ላይ አስቀመጠ። «መርዙ ብርዝ ውስጥ ከሆነ የታሰበው ለባላምባራስ አይደለም። በዚህ ቤት ብርዝ የሚጠጣው የሚሲዮን ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው ያደረገው። የታሰብከው አንተ ነህ ጴጥሮስ። ባላምባራስ የሞቱት በአንተ ፈንታ ነው።»

«እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ ሰይፈሥላሴ። «ዱቄቱ የእኔ ቢሆንም እኔ አይደለሁም!»

«አንተ ከግድግዳው አልተነቃነቅህም፤ ጓዳ አልገባህም። ጓዳ የገባው አንድ እንግዳ ነው። እጄን ልታጠብ ነው የገባሁት ይላል፤ ከምግብ በፊት። ገነቴ ግን ውኃ ይዛ እገበታው ድረስ መጥታ አራቱንም አስታጥባለች። የታጠበ እጅ ጓዳ ድረስ የሚሄደው ምን ሊታጠብ ነው? ይኸው ሰው ብርዙን አልነካም። ወንድሜ ሳይታረቅ አልጠጣም አለኝ። ደግ፣ ሥርዓት ነው። ታዲያ ወንድሙ ሳይታረቅ ክትፎውን ጠርጎ በላ! ምግቡን የፈቀደ ሥርዓት መጠጡን ምነው ከለከለ?»

አሳምነው ብርሌውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። «ወንድሜን ለምን እገድላለሁ? ሰው ምን ይላል?»

«ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ የጃጁራው መጋዘን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እሱ ዘንድ። ከወገቡ አይለይም።»

«የመሬቱ ወረቀት ላይ ጴጥሮስ የፈረመው በአውራ ጣት ነው ብለኸኛል። ፊደል የሚያስተምር ሰው! ባላምባራስ ወረቀቱን ገልጠው አንዴ ቢያዩት ኖሮ የማን ጣት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። አሳምነው የወንድሙን ድርሻ ሰርቆ ሸጦ፣ ያን ቀን ሊጋለጥ ነበር። ወረቀቱ ሳይወጣ እርቁ ወርዶ ጴጥሮስ ብርዙን ይጠጣል፣ የሞተ ሰው ደግሞ አልፈረምኩም አይልም ብሎ አሰበ። ያላሰበው አንድ ነገር ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ብርዝ ይጠጣል ብሎ አላሰበም።»

ጴጥሮስ ወንድሙን እያየ ነው። የጨለጠው ብርሌ እፊቱ ቆሟል፤ የአሳምነው ብርሌ እንደ ሞላ ነው።

«ጋሼ» አለ ጴጥሮስ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «አሁን ስጠጣ የትናንቱ መስሎህ ነበር። እያየኸኝ ነበር።»

አሳምነው ዓይኑን ከብርሌው አልነቀለም።

«አጠገቤ ነበርክ እኮ! እጄን መምታት ትችል ነበር። ጋሼ፣ ምን እያየህ ነበር?»

«ጉሮሮህን» አለ አሳምነው፣ በደረቁ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ካቴናው ሲገባለት እንኳ አልታገለም።

ጴጥሮስ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰ። በመርዝ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ሲነሳ አሳምነው ለገነቴ በተዘጋጀው ቦታ ተቀምጧል። አዛዡ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ከእሱ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋቱን ሲፈርድ ያረፈደው ከተማ ደግሞ «እኔማ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» እያለ ወደ ቀብር ወረደ። እፍረት የለንም እኮ!

ገነቴ ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ካቴናው ከተፈታላት በኋላም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ወንዳፈረው ሂጂ አላት፤ አልሄደችም።

«ጌታዬ፣ እኔ አልተናገርኩም አይደል?» አለችው።

«አልተናገርሽም።»

«ራሴንም አልወዘወዝኩም? እርግጠኛ ነዎት?»

«አልወዘወዝሽም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ምነው ገነቴ? ባልሽን ላሳሰረ ሰው ብለሽ ልትሰቀይ እኮ ነበር! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ጠዋት ትወጪ ነበር።»

ገነቴ ከካቴናው የወጣ አንጓዋን እያሸች ዓይኑን አየችው።

«በትርፊት አስማሉኝ» አለች። «ከተናገርኩ ትሙትብኝ አልኩ።»

ወንዳፈረው ከበሩ ዞር አለላት፤ እሷም ነጠላዋን ሳትሰበስብ ወደ ልጇ ሮጠች።